አይኮንቭ በ«ባስ ኤረር» ሲወድቅ፦ ግብዓትና ውጤት አንድ ፋይል ሲሆኑ

ምልክቱ

በሊኑክስ ላይ፣ በኖትፓድ በዩቲኤፍ-16 የተቀመጠን የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ዩቲኤፍ-8 ለመለወጥ (ሁለቱም ፊደላት በባይት የሚጻፉባቸው ሥርዓቶች ናቸው) የጽሑፍ መለወጫው ፕሮግራም አይኮንቭ ይታዘዛል። ፕሮግራሙ ለአፍታ ይሠራና «ባስ ኤረር» የሚል አንድ መስመር ጽፎ ይወድቃል፤ ፋይሉ ሲከፈት የጽሑፉ መጀመሪያ ብቻ ይገኛል፣ ቀሪው ግን የለም። ያው ትዕዛዝ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ ሲሞከር ያለ እንከን ያልፋል። ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው፤ ትዕዛዙ በትንሹ ፋይል ላይ ስለሠራ ማንም አይጠረጥረውም፣ ጥርጣሬው ሁሉ ወደ ዕቃው ይዞራል። በዚሁ ምክንያት የኮምፒውተሩን ሜሞሪ አስፈትቶ በአዲስ ያስቀየረ ሰው አውቃለሁ፤ አዲሱም ሜሞሪ ገብቶ ፕሮግራሙ እዚያው ቦታ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የትዕዛዙ መስመር ነው። ውጤቱ የሚጻፍበትን ፋይል ከሚሰይመው ከ«-ኦ» አማራጭ ቀጥሎ የተጻፈው የውጤት ስም ከግብዓቱ ስም ጋር አንድ ከሆነ ችግሩ ተገኝቷል።

መንስኤው

አይኮንቭ ግብዓቱን አስቀድሞ በሙሉ ወደ ሜሞሪ አይገለብጥም። ኤምማፕ በሚባለው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) አገልግሎት ፋይሉን ከሜሞሪ አድራሻ ጋር ያያይዘዋል፤ ይዘቱም ከዲስክ የሚመጣው ፕሮግራሙ እያነበበ በሄደ መጠን፣ ገጽ በገጽ ነው። የለወጠውን ጽሑፍ 32,768 ባይት በሚይዝ ቋት (በሜሞሪ ውስጥ ባለ ጊዜያዊ ማከማቻ) ያጠራቅማል፤ የውጤቱን ፋይል የሚከፍተውም ቋቱ ሲሞላ ወይም ግብዓቱ ሲያልቅ ነው። ሲከፍተው የነበረውን ይዘት ወደ ዜሮ ይቆርጠዋል። ውጤቱ ራሱ ግብዓቱ ከሆነ፣ ገና ያልተነበበው ክፍል በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ፕሮግራሙ ከአዲሱ የፋይል መጨረሻ ያለፈ ገጽ ለማንበብ ሲሞክርም ከርነሉ ሲግባስ የተባለውን ምልክት ይልክበትና ያስቆመዋል።

አጭሩ ደብዳቤ የሚያልፈው ውጤቱ ከቋቱ ስለሚያንስ፣ ፋይሉም የሚቆረጠው ግብዓቱ ተነብቦ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ወሰኑ ወደ 10,900 ፊደል ገደማ ላይ ይወድቃል፣ ክፍት ቦታና አሃዝ 1 ባይት ብቻ ስለሚወስዱ በተግባር ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚህ ወሰን ጥቂት ብቻ ያለፈ ፋይል ከመውደቅ የባሰ ነገር ሊደርስበት ይችላል፦ ፊደሉ በዩቲኤፍ-16 ሁለት ባይት በመሆኑ የተጻፈው ውጤት ከተነበበው ግብዓት ይረዝማል፤ ፕሮግራሙም አሁን የጻፈውን ራሱን መልሶ እንደ ግብዓት አንብቦ፣ ምንም የስህተት መልእክት ሳያሳይ፣ በጽሑፉ ጭራ ላይ የማይነበብ ዝብርቅ ቀጥሎ ይጨርሳል።

ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው ትዕዛዙ በስክሪፕት ውስጥ ሲገባ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የቃለ ጉባኤ ፋይሎቹን በሙሉ በአንድ ዑደት ለመለወጥ ተነሣ። ስክሪፕቱ በአጫጭር ፋይሎች ተሞክሮ ጸደቀ፤ የጻፈው ሰው ግን ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ በማለት የስህተት መልእክቶችን ሁሉ የተላከለትን ሁሉ ወደሚያጠፋው ወደ ዴቭ-ነል ልኳቸው ነበር። ዑደቱ አንዱ ሲወድቅ ወደ ሌላው እያለፈ እስከ መጨረሻው ሄደ። ረጃጅሞቹ ቃለ ጉባኤዎች መቆረጣቸው የታወቀው የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ በደኅናው ቅጂ ላይ ከተጻፈ በኋላ ነው። የስህተት መልእክትን አፍኖ የሰው ሰነድ የሚነካ ስክሪፕት በምንም ምክንያት ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

መፍትሄው

ውጤቱ በሌላ ስም፣ በዚያው ፎልደር ውስጥ ይጻፍ፤ ከዚያም ለውጡ በትክክል ማለቁ ሲረጋገጥ ብቻ የፋይል ስም በሚቀይረው በ«ኤምቪ» ትዕዛዝ በዋናው ስም ይተካ። ሁለቱን ትዕዛዞች በ«&&» ማያያዝ ይህን ያረጋግጣል፤ በ«;» ማያያዝ ግን የመጀመሪያው ቢወድቅም ሁለተኛውን ያስኬዳል፣ የተቆረጠውንም ፋይል በደኅናው ላይ ያስቀምጣል። ጊዜያዊው ፋይል በዚያው ፎልደር ይሁን መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፦ በአንድ የፋይል ሥርዓት ውስጥ ስም መቀየር በአንድ እርምጃ የሚፈጸም ሲሆን፣ ወደ ሌላ ዲስክ ሲሆን ግን «ኤምቪ» ወደ መገልበጥ ይለወጣል፣ በመሃል መብራት ከጠፋም ግማሽ ፋይል ይቀራል። ዋናው ስም ሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ስም) ከሆነ በተራ ፋይል እንደሚተካም አይዘንጋ።

«-ኦ»ን ትቶ ውጤቱን በ«>» ወደዚያው ፋይል መመለስ መፍትሄ አይደለም፤ ጭራሽ የከፋ ነው። በዚህ ጊዜ ፋይሉን የሚቆርጠው ሼሉ (ትዕዛዞችን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ነው፣ የሚቆርጠውም ፕሮግራሙ ገና ሳይነሣ ስለሆነ ትንሹም ትልቁም ፋይል እኩል ባዶ ይሆናል፣ የስህተት መልእክትም አይታይም። ነባር ፋይል በ«>» እንዳይደመሰስ የሚያግደውን የሼሉን «ኖክሎበር» ቅንብር ማብራት ይህን ይከለክላል።

በጃንዋሪ 2025 የወጣው ጂሊብሲ 2.41 (ጂሊብሲ አይኮንቭን የያዘው የሊኑክስ መሠረታዊ የፕሮግራም ስብስብ ነው) አይኮንቭ ፋይሉን በቦታው እንዲለውጥ፣ ሲያስፈልግም ራሱ ጊዜያዊ ፋይል እንዲጠቀም አድርጎታል። ይሁን እንጂ በአዲስ ላፕቶፕ ላይ የተጻፈ ስክሪፕት ለዓመታት ወዳልታደሰ ሰርቨር መወሰዱ አይቀርምና በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም።

ስለ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ባጭሩ፦ መስመሮችን በቅደም ተከተል የሚደረድረው ሶርት በ«-ኦ» ሲታዘዝ ግብዓቱን ሁሉ አንብቦ ስለሚጽፍ አንድ ስም ቢሰጠው ጉዳት የለውም። የቪዲዮና የድምፅ መለወጫው ኤፍኤፍኤምፔግ ሁለቱ ስሞች አንድ ሲሆኑ ሥራውን አልጀምርም ይላል። የራሱን ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ስሞቹን ብቻ ማነጻጸር አይበቃውም፤ አንድ ፋይል በሁለት ዱካ ወይም በሃርድ ሊንክ (ለዚያው ፋይል በተሰጠ ሌላ ስም) ሊጠራ ስለሚችል፣ የዲስኩንና የአይኖዱን (በዲስኩ ላይ ፋይሉ የተመዘገበበት) ቁጥር ማነጻጸር ያስፈልገዋል፣ ፓይተን ላይ «ሴምፋይል» የተባለው ፈንክሽን ይህንኑ ያደርጋል።

ስሞቹ በእርግጥ የተለያዩ ሆነው «ባስ ኤረር» ከቀጠለ፣ ሌላ ፕሮግራም በዚያው ጊዜ ግብዓቱን እየቆረጠ እንደሆነ ይታይ፤ ካልሆነ የዲስኩ ጤንነት ይመርመር።