የኦክስጅን ሲሊንደር በሚያስቀምጡ ጤና ተቋማት ውስጥ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

"ኦክስጅን እኮ ራሱ አይነድም" ብሎ ሚከራከረኝ ሰው አላጣም። እውነቱን ነው፣ አይነድም፣ ሌላውን ነው ሚያነደው። የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 ፐርሰንት ገደማ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ከ23.5 ካለፈ ግን ደንቡ "በኦክስጅን የበለፀገ" ይለዋል። ልዩነቷ ስትታይ ኢምንት ናት፣ ግን አንሶላ፣ ፀጉር፣ ጋውን፣ የፕላስቲክ ቱቦ ሁሉ ከወትሮው በቀለለ ብልጭታ ይያያዛል፣ ከተያያዘ በኋላም ማጥፊያ ይዛችሁ እስክትደርሱ አይጠብቅም።

የህክምና ጋዝ መስመርና ማከማቻ መፈተሽ ስራዬ ነው። እኔ እስካየሁት ህንፃው ሲመረቅ ደንቡን ያላሟላ ተቋም ብዙ አይደለም፣ ደንቡ ሚፈርሰው ከምርቃቱ በኋላ ነው፣ አንድ ሲሊንደር ጨመር፣ አንድ በር ከፈት፣ አንድ ግድግዳ ነደል እየተደረገ። ከታች ያሉት ቁጥሮች ባብዛኛው ኤንኤፍፒኤ 99 ከሚባለው የአሜሪካ የጤና ተቋማት ኮድ ናቸው፣ የናንተ አገር ደንብ ከዚ ከጠበቀ የናንተው ነው ሚሰራው።

ሲሊንደሩን በፍሬ መቁጠር

"ስንት አላችሁ?" ስል "አስር" ይሉኛል። አስር ምን? ደንቡ ሚያየው ፍሬውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን የጋዝ መጠን ነው። በጋሪ ምትገፋዋ ትንሿ ኢ ሲሊንደር 680 ሊትር ገደማ ትይዛለች፣ ሰው ሚያክለው ኤች ደግሞ ወደ 7,000 ሊትር፣ አንዱ ትልቅ አስር ትንንሾችን ነው ማለት ነው። በጭስ መከላከያ ግድግዳና በር በተከለለ አንድ የህንፃ ክፍል ውስጥ፣ ልዩ ማከማቻ ሳይሰራለት ሊቀመጥ ሚችለው እስከ 8.5 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ይሄ 12 ኢ ወይ ደግሞ 1 ኤች ነው። ሁለተኛው ኤች ከገባ አልፋችኋል። በሽተኛ ላይ ተሰክቶ እየሰራ ያለው አይቆጠርም፣ "ለማንኛውም" ተብሎ ኮሪደር ላይ የቆመው ግን ይቆጠራል፣ "ለማንኛውም" የተባለ ሲሊንደር ደሞ ወደ ማከማቻ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

ከ8.5 እስከ 85 ሜትር ኪዩብ ከሆነ ከማይቃጠል ነገር የተሰራና ሚቆለፍ ክፍል ያስፈልጋል፣ ሲሊንደሩ ተቃጣይ ከሆነ ነገር 6 ሜትር መራቅ አለበት፣ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ ሚረጭ ሲስተም) ካለ 1.5 ሜትር ይበቃል። ከ85 በላይ ሲሆን ግድግዳው 1 ሰአት፣ በሩ 45 ደቂቃ እሳት ሚቋቋም መሆን አለበት፣ አየሩም ወደ ውጪ መውጣት አለበት። ብዙው ተቋም ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሚሻገረው ሳያውቀው ነው፣ አቅራቢው በሳምንት ሁለቴ ያመጣ የነበረውን "አንዴ ጠቅልዬ ላምጣው" ሲል ማከማቻው ውስጥ ያለው ጋዝ እጥፍ ይሆናል፣ ግድግዳው ግን ያው የድሮው ነው።

ሚቆለፍ ክፍል ስለሆነ ብቻ ሁሉን እዛ ማጨቅ

አንዴ አንድ ሆስፒታል ውስጥ በሩ ላይ "ማጨስ ክልክል ነው" ተብሎ በትልቁ የተፃፈበት ክፍል ከፈቱልኝ። በግራ በኩል ሲሊንደሮቹ በሰንሰለት ታስረው ቆመዋል፣ እስካሁን ጥሩ። በቀኝ አሮጌ ፍራሽ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ ከፍራሹ ስር የጀነሬተር ዘይት በጀሪካን። ለምን እዚ አስቀመጣችሁት ስል ንብረት ክፍሉ ምንም ሳይደነግጥ "ቁልፍ ያለው ክፍል ይሄ ብቻ ነው" አለኝ፣ እሱም ከራሱ አንፃር ልክ ነው፣ ዘይት ስለሚሰረቅበት ነው ሚያስበው። ግን ዘይትና ግሪስ ግፊት ካለው ኦክስጅን ጋር ከተገናኙ ክብሪትም አያስፈልጋቸውም፣ ራሳቸው ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። የጋዝ ክፍል የጋዝ ብቻ ነው በቃ። ኮምፕሬሰርና ቫኪዩም ፓምፕም እዛ አይገቡም፣ ሚቀጣጠል ጋዝም አይገባም።

ባዶና ሙሉ ተለይቶ ይቀመጥ፣ በፅሁፍ ይለይ፣ ባዶውም ይታሰር። ሙሉ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት 140 ባር አካባቢ ነው፣ ወድቆ አንገቱ ላይ ቫልቩ ከተሰበረ ግድግዳ ሚበሳ ሮኬት ነው ሚሆነው። ባዶ ነው ተብሎ የተቀመጠው ሁሉ ደግሞ ባዶ አይደለም።

የአየር መውጫውን መድፈን

በተፈጥሮ አየር ሚተነፍስ ማከማቻ ሁለት መውጫ ይፈልጋል፣ አንዱ ከወለሉ በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ ሌላው ከጣሪያው በ30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ፣ እያንዳንዱ ቢያንስ 465 ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ጋዙ ሲበዛ ቀዳዳውም ይሰፋል። የታችኛው ሚያስፈልገው ኦክስጅን ከአየር ትንሽ ከበድ ስለሚል ነው፣ በተለይ ቀዝቅዞ ሲወጣ ወለል ለወለል ነው ሚሄደው። በፋን ከሆነም ፋኑ ሚስበው ከታች ነው መሆን ያለበት፣ ጣሪያ ላይ ብቻ የተሰቀለ ፋን ስንቴ እንዳየሁ።

ሁሌ ሚደፈነው ደግሞ የታችኛው ነው። ዝናብ ያስገባል፣ አይጥ ያስገባል፣ እና ጥበቃው ካርቶን አጣጥፎ ይወትፍበታል፣ ካርቶኑ በተራው ሚነድ ነገር ነው እንግዲህ። ወንፊት ብታደርጉበት ኖሮ ካርቶኑ ባልመጣ። ሌላው፣ ቀዳዳው ወደ ኮሪደር ከተከፈተ አየር መውጫ ሳይሆን ችግሩን በሽተኞች ወዳሉበት ማዞሪያ ነው፣ ወደ ውጪ ነው መከፈት ያለበት።

እሳት ሚቋቋመውን ግድግዳ ከነደሉ በኋላ በፎም መድፈን

ኔትወርክ ኬብል ሊያሳልፍ የመጣ ልጅ ግድግዳውን ይበሳና ቀዳዳውን በተገኘው ፎም ነፍቶት ይሄዳል። ተራ ፎም ይነዳል። 1 ሰአት ይቆማል ተብሎ የተሰራ ግድግዳ በዛች ቀዳዳ በኩል ጭሱን በደቂቃዎች ያሳልፈዋል፣ ስለዚ ለእሳት ተብሎ በተሰራ ማሸጊያ ነው ሚደፈነው፣ ማን መቼ እንደደፈነው ቢፃፍበት ደግሞ ለሚቀጥለው ፈታሽ ትልቅ ውለታ ነው። በሩም ያው ነው፣ ራሱ እንዲዘጋ የተሰራ በር ተከፍቶ እንዲቆይ በሲሊንደር ተደግፎ ያየሁበት ቀን አለ፣ አልሳቅኩም።

ቧንቧውን ለተራ ቧንቧ ሰራተኛ መስጠት

ውሃ መስመር አሳምሮ ሚዘረጋ ሰው የኦክስጅን መስመር ይዘረጋል ማለት አይደለም። የኮፐር (መዳብ) ቧንቧው ለኦክስጅን ተብሎ ከዘይት የፀዳና ጫፉ ታሽጎ የመጣ መሆን አለበት፣ ሲበየድ ደግሞ ውስጡን ናይትሮጅን እየፈሰሰበት ነው፣ ያለዛ ከውስጥ በኩል ጥቁር ቅርፊት ይሰራል፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ከጋዙ ጋር ሄዶ ቫልቭና ፍሎውሜትር (የጋዙን ፍሰት መለኪያ) ውስጥ ይሰነቀራል። ከዛ ያ ናይትሮጅን በደንብ ሳይወጣ መስመሩ ከተከፈተ በሽተኛው ሚተነፍሰው ናይትሮጅን ነው። ስለዚ ማንኛውም እድሳት ካለቀ በኋላ፣ አንድ አልጋ ጋ ያለ የጋዝ መውጫ ብቻ ቢሆን እንኳን፣ መስመር አለመቀላቀሉና የጋዙ ንፅህና ተለክቶ ነው ለዋርዱ ሚረከበው።

መስመሩ በኪችን ውስጥ፣ በሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ማለፍ የለበትም። ፅሁፉ በየ6 ሜትሩና በየክፍሉ ቢያንስ አንዴ ይለጠፋል። ቀለምን ብቻ አትመኑ፣ አሜሪካ አረንጓዴ ሲሆን አለም አቀፉ ስታንዳርድ ላይ ነጭ ነው፣ ሁለቱንም አይነት እቃ የገዛ ተቋም ውስጥ ሁለቱም አሉ። ፅሁፉን አንብቡ።

ሬጉሌተሩን ችላ ማለት

ሬጉሌተሩ፣ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ ተገጥሞ ግፊቱን ሚቀንሰው እቃ፣ የህንፃ ጉዳይ አይመስልም፣ ግን እሳቱ ሚጀምረው ብዙ ጊዜ እዚ ነው። ቫልቩ ባንዴ ቧ ተደርጎ ሲከፈት 140 ባሩ ጋዝ ሬጉሌተሩ ውስጥ ያለውን አየር በቅፅበት ይጨምቀዋል፣ ሲጨመቅ ይግላል፣ እዛ የዘይት ጠብታ ወይ ብናኝ ካገኘ ይቀጣጠላል። አሜሪካኖቹ ኤፍዲኤ (የመድሃኒትና የህክምና እቃ ተቆጣጣሪው) እና ናዮሽ (የስራ ደህንነት ምርምር ተቋሙ) በ1999 እ.ኤ.አ. በአሉሚኒየም ሬጉሌተሮች ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጡት እንዲህ አይነት እሳት ስለተደጋገመ ነው፣ በ2006 ደግሞ አንዴ ብቻ እንድትሰራ የተሰራች ጋስኬት (ማሸጊያ ቀለበት) ደጋግሞ ስለመጠቀም ሌላ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ቀስ ብሎ መክፈት፣ በየጊዜው ጋስኬት መቀየር፣ ከሱቅ የተገዛ የውሃ ቴፕ አለመጠቅለል። በአልኮል ሳኒታይዘር የታሸ እጅም እስኪደርቅ ይጠበቅ።

ለ10 አልጋ የተፈቀደውን ዋርድ 25 አድርጎ መሙላት

እኔን በጣም ሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በከፍተኛ ፍሰት በአፍንጫ ሚሰጠው ኦክስጅን ላንድ ሰው በደቂቃ እስከ 60 ሊትር ይደርሳል፣ በሰአት 3.6 ሜትር ኪዩብ ነው፣ አስር ሰው ከሆነ 36። በሽተኛው ውስጥ ሚቀረው ጥቂቱ ነው፣ ሌላው ክፍሉ ውስጥ ነው ሚበተነው። ቬንቲሌሽኑ የተሰላው ግን ለተራ ዋርድ ነው። ሲበርድ መስኮት ይዘጋል፣ ግድግዳ ላይ ያለ ሶኬት አልበቃ ብሎ ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ይሰካል፣ በየአልጋው መሀል ሲሊንደር ይቆማል። በስልክ ቻርጀር ብልጭታ ለመጀመር ከዚ የተመቸ ቦታ አላውቅም። የኦክስጅን መለኪያ መሳሪያ በእጅ ሚያዝ ትንሽ ነገር ነው፣ ዋርዱ በሞላ ቀን ማታ ማታ ይዞ መዞር ብዙ ያሳውቃል፣ 23 አካባቢ ካነበበ መስኮት ይከፈታል፣ አለቀ።

ባግዳድ ኢብን አል ኸጢብ ሆስፒታል ላይ ኤፕሪል 24 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. የደረሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የኮቪድ በሽተኞች ሞልተው፣ እሳቱ ከኦክስጅን ሲሊንደር ፍንዳታ ተነስቶ፣ 82 ሰው ሞተ፣ የአገሪቱ ሲቪል መከላከያ ህንፃው የእሳት መከላከያ ሲስተም እንዳልነበረውና ተቃጣይ ኮርኒሱ እሳቱን እንዳስፋፋው ተናገረ። ሶስት ወር ሳይሞላ እዛው ኢራቅ ናሲሪያ ውስጥ ሌላ የኮቪድ ዋርድ ነደደ፣ ያ ደሞ ከቀላል ፓነል በችኮላ የተገጣጠመ ነበር። ሁለቱ ላይም ሲሊንደሩን ብቻ ያየ ሰው ኮርኒሱንና ፓነሉን ያልፈዋል።

የፈሳሽ ኦክስጅን ታንክ አስፋልት ላይ

አጭር ነው። ፈሳሽ ኦክስጅን አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ያረሰረሰው አስፋልት በምት ብቻ ሊፈነዳ ይችላል፣ ጫማ ይበቃዋል። ታንኩ ስርና ቦቴው ሚገለብጥበት ቦታ ኮንክሪት ነው ሚሆነው። ግቢውን ለማሳመር ዙሪያውን አስፋልት ያለበሰ ኮንትራክተር አጋጥሞኛል፣ አስፋልቱ ተነሳ።

ማታ ተረኛዋ ማታውቀው ቫልቭ

ዋርድ ውስጥ እሳት ሲነሳ ኦክስጅኑን ሚያቆመው ከክፍሉ ውጪ ኮሪደር ላይ ያለው የዞን ቫልቭ ነው። በጋዝ መውጫውና በቫልቩ መሀል ግድግዳ መኖር አለበት፣ ምክንያቱም ክፍሉ እየነደደ ገብቶ ሚዘጋ ሰው የለም። ሚበላሸውም በሶስት መንገድ ነው፣ ቁምሳጥን ይቆምበታል፣ ወይ እንዳይነካካ ተብሎ ይቆለፋል፣ ወይ ደግሞ ክፍሎቹ ከታደሱ በኋላ ፅሁፉ የድሮውን እንደያዘ ይቀራል፣ ሳጥኑ "ከ1 እስከ 4" ይላል ግን ሲዘጋ 5ም አብሮ ይዘጋል። 5 ቁጥር ውስጥ ቬንቲሌተር ላይ ያለ ሰው ካለስ? ለዛ ነው መዝጋቱን ሚያዘው የዋርዱ ሃላፊ ነርስ ወይ ሀኪም ሆኖ፣ በሽተኞቹ በተንቀሳቃሽ ሲሊንደር ከተያዙ በኋላ ሚዘጋው፣ እሳቱ ጊዜ ካልሰጠ ደግሞ ወዲያው።

ስፈትሽ አንድ ልማድ አለኝ፣ ከስራ አስኪያጁ ጋር ሳይሆን ማታ ሁለት ሰአት አካባቢ ሄጄ ተረኛዋን ነርስ "እህቴ፣ አሁን እዚ እሳት ቢነሳ ኦክስጅኑን የት ነው ምትዘጊው?" እላታለሁ። አንዷ አመት ከምናምን የሰራችበት ዋርድ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ፈልጋ ፈልጋ በመጨረሻ የህክምና መሳሪያ ባለሙያው (ባዮሜዲካሉ) ጋ ደወለች፣ እሱም ቤቱ ሆኖ በስልክ "ከማስታወቂያ ሰሌዳው ኋላ" አላት። ሰሌዳውን ሁለታችን ነን ያነሳነው። በአራት ቡሎን ታስሯል፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው የዛን ወር የእሳት አደጋ ልምምድ ፕሮግራም ነበር።