የወሊድ ምጣኔ በሃይማኖት ስታሰሉ ቁጥሩ አልመጣ ካላችሁ (ችግርና መፍትሄ)

ደሴ ላይ ዳታ ሰብስባችሁ የሙስሊሟንና የኦርቶዶክሷን የወሊድ ምጣኔ (አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ የምትወልደውን የልጅ ቁጥር) ለየብቻ ልታሰሉ ነው እንበል፣ እኔ ከታች ካሉት አብዛኛውን ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

ችግር፦ የአንዱ ሃይማኖት ቁጥር ከሌላው በጣም በልጦ መጣ
ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቦታ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተሰራው የስነ ህዝብና ጤና ሰርቬይ ሶማሌ ክልል 7.2፣ አማራ 3.7፣ አዲስ አበባ 1.8 ልጅ በአንድ ሴት ነው፣ እና የሀገሩን ሙስሊም ሁሉ አንድ ላይ ከደመራችሁ አርብቶ አደሯንና ፒያሳ ሱቅ ያላትን የደሴ ልጅ አንድ አደረጋችኋቸው ማለት ነው።
መፍትሄ፦ የከተማዋን ከከተማዋ፣ ያልተማረችውን ካልተማረችው አወዳድሩ፣ ልዩነቱ ያኔም ካልጠፋ ስለሃይማኖት እናውራ።

ችግር፦ ማን የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ተምታታ
በስም መድባችኋል አይደል? ወሎ ላይ እኮ አይሰራም፣ የልጁ ስም መሐመድ የአባቱ ተሰማ የሆነ ስንቱ አለ! በአባወራውም አትመድቡ፣ ሴትየዋን ራሷን ጠይቁ።

ችግር፦ ልጅ ጎደለ
ደሴ ሸዋበር ሰፈር አንድ ቤት ቡናው ሁለተኛ ላይ ደርሷል፣ «ስንት ወለዱ እትዬ?» ስላቸው «አራት» አሉኝ፣ ጽፌ ቅጹን ላጥፍ ስል ስኒውን ይዘው ቆም አሉና «ያለፉትንም ነው እንዴ?» ስድስት ሆነ።
መፍትሄ፦ «ስንት» ብላችሁ አትለፉ፣ አብረው የሚኖሩ፣ ሌላ ቦታ ያሉ፣ በህይወት የሌሉ እያላችሁ ወንድና ሴቱን ለየብቻ ጠይቁ።

ችግር፦ ያለፉት 5 ዓመታት ልደት ድንገት ወርዶ 6ኛው ላይ ተቆለለ
ይሄ የኛ የጠያቂዎች ጥፋት ነው፣ ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካለ የክትባቱ የጡቱ የተቅማጡ ጥያቄ ስለሚከተል የደከመው ሰው ልደቱን አንድ ዓመት ወደኋላ ይገፋዋል፣ አንዱን ሰፈር አንድ ቡድን ብቻ ከሰራው ደግሞ የቡድኑ ስንፍና የሃይማኖት ልዩነት መስሎ ይወጣል። ቡድኖቹን አቀያይሩ። ዓመተ ምህረቱንም ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 ግድም 7፣ ከዛ በኋላ 8 ደምሩ።

ችግር፦ ቁጥሩ በትንሽ ነገር ይዘላል
ሳምፕሉ አንሷል። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 የሆኑት 8 ሴቶች ብቻ ከሆኑ፣ ያለፉትን 3 ዓመታት ልደት ስትቆጥሩ 24 የሴት ዓመት (ሴቶቹ በዓመታቱ ሲባዙ) ነው፣ አንድ ልደት ብትጨምሩ ምጣኔው በ0.2 ይነሳል (1 ለ24 ተካፍሎ፣ የዕድሜ ክልሉ 5 ዓመት ስለሆነ በ5 ሲባዛ)። ጊዜውን ወደ 5 ዓመት አስፉት፣ ካልሆነም ከነስህተት ወሰኑ (ቁጥሩ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል) ጻፉት።