ወፈር ያሉ አረጋውያንን ከኢንፌክሽን ለመጠበቅ፦ ከሚዛኑ በፊት እጥፋቱ

ቁመታቸው 1.58 ሜትር፣ ክብደታቸው 82 ኪሎ የሆነ እናት በሰፈር «ተመችቷቸዋል» ይባላሉ። ኪሎውን ለቁመቱ፣ ውጤቱን ደግሞ እንደገና ለቁመቱ ሲያካፍሉት 33 ገደማ ይመጣል፤ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው። ስቡ ዝም ብሎ የተቀመጠ ጓዝ አይደለም። ሰውነትን በማያቋርጥ ዝቅተኛ ብግነት (የውስጥ መቆጣት) ያደክማል፤ እድሜ ያዳከመውን የመከላከል አቅም እንደገና ይቀንሳል። የስኳር በሽታ ከታከለበት ተህዋስን የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎችም ይዳከማሉ። ክብደት መቀነስ ወራት ይፈጃል፤ ተህዋስ የሚገባባቸውን በሮች መጠበቅ ግን ዛሬ ማታ ይጀመራል።

ከጡት ሥር፣ ከሆድ እጥፋትና ከብሽሽት ይጀምሩ። ቆዳ ከቆዳ ተጣብቆ ሲውል ላብ መውጫ ያጣል፣ ይፋተጋል፣ ይላጣል፤ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በቀን አንዴ፣ በሙቀት ወራት ሁለቴ፣ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ያጥቡ፤ ሳሙናው እንዳይቀር በደንብ ያለቅልቁ። በፎጣ አይሹ፤ ጫን ጫን እያደረጉ ውሃውን ያስመጥጡ። ከዚያ እጥፋቱን በእጅ ከፍ አድርገው 5 ደቂቃ ያህል አየር እንዲያገኝ ይተዉት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። በመሐል ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማስገባት ይቻላል፤ ረጥቦ ካልተቀየረ ግን ባይኖር ይሻላል። ፓውደር ከላብ ጋር ይጓጉልና ቆዳውን ይፍቃል።

ቅላቱ ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ ሽፍታ ካወጣ ፈንገስ ይጠርጥሩ። ክሎትሪማዞል ቅባት በቀን 2 ጊዜ፣ ስስ ተደርጎ፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል። በሦስተኛው ቀን «ለቀቃቸው» ብሎ ማቆም ነው የሚያስገረሸው። ከጎረቤት የተዋሱት ቤታሜታዞን (የስቴሮይድ ቅባት) ደግሞ ቅላቱን ያደበዝዝና ፈንገሱን ያፋፋል።

እግር ላይ ደግሞ የጣቶችን መሐል ማታ ማታ በባትሪ ብርሃን ይዩ። እዚያ ያለች ስንጥቅ ለባክቴሪያ በር ናት፤ ያበጠ እግር ላይ ኢንፌክሽኑ ቶሎ ይሰራጫል። መሐሉን አድርቁት፤ ቫዝሊን ለተረከዝ እንጂ ለጣት መሐል አይሆንም። ስኳር ላለባቸው እግር መዘፍዘፍ ይቅር።

ሳንባን በተመለከተ፣ በጀርባ ሲተኙ ሆድ ዲያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ላይ ስለሚገፋ የሳንባ ታችኛው ክፍል በደንብ አይከፈትም፤ አክታ ይጠራቀማል። ከወገብ በላይ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርገው ያስተኟቸው። ትራስ ከአንገት ሥር ብቻ መደርደር አንገት ያጎብጣል እንጂ ደረት አይከፍትም። ቀን ቀን በየሰዓቱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ።

ክትባት ሲወስዱ መርፌው ክንዱ ጡንቻ ላይ መድረስ አለበት። ሴት ከ90 ኪሎ፣ ወንድ ከ118 ኪሎ በላይ ሲሆኑ የተለመደው 25 ሚሊሜትር መርፌ ስቡ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል 38 ሚሊሜትር ይጠይቁ።

ክብደቱን በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ አያስቀንሱ፤ በዚህ እድሜ ፈጥኖ የሚሄደው ጡንቻም ጭምር ነው። እንጀራውን በግማሽ ይቀንሱ፣ ምስሩንና ሽሮውን ሳይሆን፤ ከሽሮው የሚቀነሰው ዘይቱ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪምም ከነፍስ አባትም ጋር ይነጋገሩ።

አረጋዊ ሰው በኢንፌክሽን ተይዞም ላያተኩስ ይችላል። ድንገት መቀባዠር፣ መውደቅ፣ ምግብ መተው፣ ፈጥኖ መተንፈስ፣ ወይም የሚሰፋ ትኩስ ቅላት ካዩ ምች ነው ብለው በዳማከሴ አይቆዩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። የቅላቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ ያስምሩት፤ መስመሩን ማለፉ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ቴርሞሜትሩ ከዘወትር ሙቀታቸው 1.1 ዲግሪ ከፍ ካለ ትኩሳት ነው፤ ስለዚህ የዘወትሩን ደህና በሆኑበት ሳምንት ለክተው ይጻፉት።