ናስካር ለማየት ከመሄዳችሁ በፊት

ጆርጂያ ያላችሁ ልጆች፣ ሃምፕተን ሄዳችሁ የናስካር የመኪና ውድድር ለማየት ካሰባችሁ (ሜዳው ድሮ አትላንታ ሞተር ስፒድዌይ የሚባለው ነው) ከሁሉ በፊት የጆሮ መድፈኛ ግዙ። አርባ የሚጠጋ መኪና ተግተልትሎ ሲያልፍ አጠገባችሁ ያለው ሰው ቢጮህ እንኳ አይሰማችሁም። የስፖንጅ መድፈኛው ፋርማሲ በጥቂት ዶላር ይገኛል። ለልጆች ግን ጆሮ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ይሻላል፤ ስፖንጁን አውጥተው ይጥሉታል።

ወንበር ስትመርጡ እንደ ኳስ ሜዳ ወደ ታች አትጠጉ። ታች አጥሩ ይጋርዳችኋል፣ የጎማ ፍርፋሪም ይረጭባችኋል። ላይኛው ረድፍ ዋጋው ወደድ ቢልም 2.5 ኪሎ ሜትሩ ትራክ ከነኩርባው ይታያል።

እኔን ብትሰሙኝ ስካነር የሚሉትን ሬዲዮም ተከራዩ። ሹፌሩ ከቡድን አለቃው ጋር የሚነጋገረውን፣ ከሜዳው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ሆኖ «ከውጭ መጣብህ፣ ጎንህ ነው፣ አሁን አለፍከው» እያለ የሚመራውን ሰው ድምፅ በቀጥታ ትሰማላችሁ። ያለዚህ ግማሹ ጨዋታ ያመልጣል። ስድብም አለበት፣ ለልጆች አትስጡ።

ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይቻላል። ለስላሳ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ይፈቀዳል፤ መጠኑን ከሜዳው ድረ ገጽ አረጋግጡ። ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልሎ በፎይል መያዝ ነው። የመስታወት ጠርሙስ ግን በር ላይ ይቀራል።

ደግሞ ትራኩ በዝናብ ከራሰ አይነዱም፤ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ካልሆነም የእሁዱ ውድድር ወደ ሰኞ ሊዛወር ይችላል። የሰኞ ፈረቃችሁን አስቀድማችሁ ከሰው ጋር ተቀያየሩ።