ሞተሩ ይጮኻል፣ ውሃ ግን የለም

ክረምቱን ሐረማያ ሐይቅ ዳር ባለው የቤተሰብ ቤት ከርመን፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል ወደ ድሬዳዋ ለመመለስ ቤቱን እያጠብን ሳለ ፓምፑ ውሃ አልስብ አለ። አያቴ «ሐይቁ ደግሞ ሊሸሽ ነው እንዴ?» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ በ1990ዎቹ ደርቆ የሐረርን ከተማ ያስጠማ ሐይቅ ነው።

ሞተሩን ፈትቼ ግማሽ ቀን በከንቱ አጠፋሁ። ጥፋቱ ሐይቁ ውስጥ ነበር። የመሳቢያው ጎማ ጫፍ ላይ ባለው ፉት ቫልቭ (ውሃውን ወደ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ክዳን) ውስጥ ጣት የምታህል የቀጤማ ስር በደለል ተጠቅልላ፣ ላስቲኩ እንዳይገጥም ይዛዋለች። ቫልቩ ካልዘጋ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ጎማው ውስጥ ያለው ውሃ ወደ ሐይቁ ይመለስና ቦታውን አየር ይይዘዋል፤ ይሄ ዓይነቱ ፓምፕ ደግሞ በአየር ላይ አቅም የለውም።

ስሯን በቢላ ጫፍ አወጣሁ፣ መገጣጠሚያውን በቴፍሎን ጠቅልዬ አጠበቅሁ፣ በፓምፑ መሙያ ቀዳዳ አረፋው እስኪያቆም ውሃ በጆግ ሞላሁ። ፓምፑንም ወደ ውሃው ዝቅ አደረግሁት፤ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በሂሳብ እንኳ ከ8 ሜትር ብዙም አልፎ አይስብም፤ በተግባር 6 ከተገኘ ተመስገን ነው። ቫልቩን ከባዶ ጀሪካን ጋር አስሬ ከደለሉ ከፍ አደረግሁት።

መጀመሪያ ቡናማ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። የመጀመሪያውን ባልዲ አያቴ ለጫታቸው ወሰዱት፤ ወለሉ እስከ ማታ ጠበቀ።