ሱዶ እምቢ ሲላችሁ ፎርማት አታድርጉ

ላፕቶፑ በደንብ ይነሳል። ኢንተርኔቱ ይሠራል። ሶፍትዌር ለመጫን ሲሞከር ግን ሱዶ፣ ማለትም በሊኑክስ ላይ ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ አላሳልፍም ይላል። እንዲህ ያለ ማሽን ደጋግሞ ይመጣልኛል። ብዙ ጊዜ ከእኔ በፊት ያየው ሰው «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ፈርዶበታል። እባካችሁ አታድርጉ። አንድም ፋይል ሳይነካ በ10 ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው።

የምጽፈው ስለ ኡቡንቱ፣ ሊኑክስ ሚንት እና ዴቢያን ነው። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡት በፊደላችን አስቀምጫለሁ፤ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የምትጽፏቸው በላቲን ፊደል ነው።

ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ «ተሳስቷል» ሲል

ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቷል። ሰውየው ሲጻጻፍ ቆይቶ ተርሚናል ይከፍታል። ፓስዎርድ ሲጻፍ ስለማይታይ ግዕዝ እየመታ መሆኑን አያውቅም። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ይባረራል፣ ከዚያ «ፓስዎርዴ ተቀየረ» ብሎ ይደውላል። የጽሑፍ ማዘጋጃ ክፈቱና ፓስዎርዱን እዚያ ጽፋችሁ በዓይናችሁ እዩት፣ ከዚያ አጥፉት። ተርሚናሉ ላይ በግልጽ ጽፋችሁ ኢንተር እንዳትመቱ፤ በትዕዛዝ ታሪክ ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል።

«በሱዶየርስ ፋይል ውስጥ የለህም» ሲል

ሱዶየርስ ሱዶን ማን መጠቀም እንደሚችል የሚወስነው ፋይል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚፈቅደው «ሱዶ» በሚባለው ግሩፕ (የተጠቃሚዎች ቡድን) ውስጥ ላለ ሰው ነው። ዴቢያን ከሆነና ገና አዲስ የተጫነ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሲጫን ለሩት (ለዋናው የአስተዳዳሪ መለያ) ፓስዎርድ ከሰጣችሁት፣ ዴቢያን የመጀመሪያውን ተጠቃሚ ሱዶ ግሩፕ ውስጥ አያስገባውም። «ሱ -» ብላችሁ በሩት ፓስዎርድ ግቡ። ከዚያ «አድዩዘር»፣ የተጠቃሚውን ስም፣ በመጨረሻ «ሱዶ» ብላችሁ ጻፉ። ከ«ሱ» ቀጥሎ ያለችውን ሰረዝ አትርሱ። ያለ እሷ ከገባችሁ «አድዩዘር የሚባል ትዕዛዝ የለም» ሊላችሁ ይችላል።

ማሽኑ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ከሆነና እስከ ትናንት ሲሠራ ከነበረ ግን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ሰሞኑን ራስህን የሆነ ግሩፕ ውስጥ አስገብተሃል?» መጀመሪያ «ኧረ ምንም አልነካሁም» ይላል። ቆይቶ ትዝ ይለዋል። አርዱዊኖ (ትንሿ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) በዩኤስቢ አልገናኝ ብሎት «ዳያልአውት» ውስጥ ገብቷል። ወይም ለቨርችዋልቦክስ «ቪቦክስዩዘርስ» ውስጥ፣ ወይም «ዶከር» ውስጥ።

ጥፋቱ ያለው እዚህ ነው። የተጠቃሚን መለያ የሚቀይረው ትዕዛዝ «ዩዘርሞድ» ከትልቋ ጂ ጋር ብቻ ሲጻፍ «ይህን ግሩፕ ጨምርለት» ማለት አይደለም። «ከዚህ በኋላ ተጨማሪ ግሩፖቹ እነዚህ ብቻ ናቸው» ማለት ነው። ሌላው ሁሉ ይሰረዛል፣ ሱዶም አብሮ ይሄዳል። «ጨምር» የምትለው ትንሿ ኤ ናት። አንዲት ፊደል! ትዕዛዙ ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ዝም ብሎ ይፈጽማል።

ሰዎችን ይበልጥ የሚያደናግራቸው ጉዳቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። የግሩፕ ዝርዝር የሚነበበው ሎግ ኢን ሲደረግ ነው። ስለዚህ በተከፈተው ተርሚናል ላይ ሱዶ እንደ ወትሮው ይሠራል። ላፕቶፑን ሳታጠፉ እየከደናችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ሳምንት ሊያልፍ ይችላል። አንድ ቀን ባትሪው አልቆ ይጠፋል፣ ሲነሳ ሱዶ የለም። ያኔ መብራት መጥፋቱን ነው የሚወቅሱት።

አንዲት የምህንድስና ተማሪ አልረሳትም። የመመረቂያ ሥራዋን ከአርዱዊኖ ጋር ለማገናኘት ያቺን ትዕዛዝ ያለ ኤ ጻፈች። በማግስቱ ሱዶ ከለከላት። የወሰደችበት የጥገና ቤት ፎርማት አደረገው። ቅጂ ይኑራት አይኑራት እንኳ አልጠየቃትም። ወደ እኔ የመጣችው ከዚያ በኋላ፣ ጽሑፏን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። ግማሹን እንኳ አላገኘሁላትም። አንድ መስመር በመጻፍ የሚያልቅ ነገር ነበር። የሰው ላፕቶፕ ይዞ ምክንያቱን ሳይፈልግ ዲስክ የሚያጠፋ ሰው ያናድደኛል። አንድ መምህር ደግሞ ያንኑ ስህተት በስክሪፕት ጽፎ የትምህርት ቤቱን ክፍል ማሽኖች በሙሉ ዘጋቸው። ከሰዓቱን ሁሉ እየዞርን አንድ በአንድ ከፈትናቸው።

እንዴት ይመለሳል? ገና ሎግ አውት ካላደረጋችሁ አታድርጉ! እዚያው ተርሚናል ላይ «ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ሱዶ» ብላችሁ የተጠቃሚውን ስም አስከትሉ፤ ኤ ትንሽ፣ ጂ ትልቅ። አለቀ።

ከወጣችሁ ደግሞ ሪስታርት አድርጉ። ማሽኑ ሲነሳ በአሮጌ ባዮስ ሺፍትን ተጭናችሁ ቆዩ፣ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ማሽኖች ኢስኬፕን ንኩ። የግሩብ (ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ዝርዝር ሲመጣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ግቡ፣ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለውን ምረጡ፣ ከሚመጣው ዝርዝር «ሩት»ን ምረጡና ኢንተር ምቱ። ኡቡንቱ ላይ ፓስዎርድ አይጠይቅም።

ዲስኩ እዚህ ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ «ማውንት -ኦ ሪማውንት,አርደብሊው /» በሉ። ይህን የዘለለ ሰው ፓስዎርድ ሊቀይር ሲሞክር «ኦተንቲኬሽን ቶክን ማኒፑሌሽን ኤረር» የሚል ይመጣበታል። ሃርድ ዲስክ ተበላሸ ብሎ አዲስ ሊገዛ የተነሳ ሰው አውቃለሁ።

አሁን ቆም በሉ። «ኢቲሲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ «ግሩፕ» የሚባል ፋይል አለ። አጠገቡ ስሙ በሰረዝ የሚያልቅ ሌላ «ግሩፕ» አለ። እሱ ከመጨረሻው ለውጥ በፊት የነበረው ቅጂ ነው። በየትኞቹ ግሩፖች ውስጥ እንደነበራችሁ ከእሱ ታነባላችሁ። ግን አዲስ ለውጥ ባደረጋችሁ ቁጥር ይተካል። ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት በሌላ ስም ገልብጡት። እኔ አንዴ ይህን ረስቼ የጠፉትን ግሩፖች በግምት መልሻለሁ።

ከዚያ «ዩዘርሞድ -ኤጂ ሱዶ» እና የተጠቃሚው ስም። ስሙን አትገምቱ፤ «ኤልኤስ /ሆም» ብላችሁ እዩት። ሱዶን ብቻ መልሳችሁም አትሂዱ። «ኤዲኤም»፣ «ሲዲሮም»፣ «ፕላግዴቭ» እና «ኤልፒአድሚን» አብረው ጠፍተው ይሆናል። ኤልፒአድሚን ካልተመለሰ በሳምንቱ «ፕሪንተር መጨመር አልቻልኩም» ተብሎ ይደወልላችኋል። በመጨረሻ «አይዲ» እና ስሙን ጽፋችሁ አረጋግጡ፣ ሪስታርት አድርጉ።

ዴቢያን ላይ ሩት ከተቆለፈ ሪከቨሪ አያስገባም። ግሩብ ላይ «ኢ» የምትለዋን ፊደል ምቱ፣ «ሊኑክስ» ብሎ የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ «አርደብሊው ኢኒት=/ቢን/ባሽ» ጨምሩ፣ ኮንትሮልና ኤክስን ምቱ፣ ከዚያ ከላይ ያለውን «ዩዘርሞድ» ጻፉ።

ይህን ሁሉ እናንተ ከቻላችሁ፣ ላፕቶፑን ያነሳ ማንም ሰው ይችላል። ምስጢር ያለበት ዲስክ ሲጫን ጀምሮ ኢንክሪፕት መደረግ አለበት።

«ፓርስ ኤረር» ሲል

ሱዶየርስን በተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ከፍታችሁ ነካክታችኋል። አትንኩት! «ቪሱዶ» የተሠራው ለዚህ ነው፤ ስህተት ካለ ከማስቀመጡ በፊት ይነግራችኋል። አሁን «ፒኬኤግዜክ ቪሱዶ» ሞክሩ። በሱዶየርስ በኩል ስለማያልፍ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ካልሆነ ከላይ ባለው በሪከቨሪ መንገድ ግቡ።

«ሴትዩአይዲ ቢት» የሚል ሲመጣ

ሴትዩአይዲ ቢት አንድ ፕሮግራም በባለቤቱ ሥልጣን እንዲሠራ የሚያደርግ ምልክት ነው። አንድ ሰው «ሙሉ ፈቃድ ስጠው» የሚል ምክር ሰምቶ በመላው ሲስተም ላይ የፋይል ፈቃድ የሚቀይረውን «ሲኤችሞድ -አር 777» ለቋል። በሪከቨሪ ገብታችሁ የሱዶን ፕሮግራም ባለቤት ወደ ሩት፣ ፈቃዱን ወደ 4755 ብትመልሱ ይህ መልእክት ይጠፋል፤ ሱዶየርስም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ግን ሱዶ አሁንም እምቢ ይላል። በዚያ ላይ «ፓስደብሊውዲ»፣ «ሱ»፣ «ማውንት» እና ሌሎችም ተበላሽተዋል። እንደገና ጫኑ የምለው እዚህ ብቻ ነው። እሱም ሆም ፎልደራችሁን ወደ ውጭ ዲስክ ከገለበጣችሁ በኋላ።

ብዙ የማይገጥሙ

«አንኤብል ቱ ሪዞልቭ ሆስት»፦ የማሽኑን ስም ቀይራችሁ ኢቲሲ ውስጥ ያለውን «ሆስትስ» ፋይል ረስታችኋል።

«ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም»፦ የፈቃድ ችግር አይደለም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ፋይል ሲስተሙ ተጎድቶ ወይም ዲስኩ እየደከመ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ፣ ከዚያ በ«ኤፍኤስሲኬ» ፈትሹ።

ፓስዎርዱን በሪከቨሪ ቀይራችሁ ስትገቡ «ኪሪንጉ አልተከፈተም» የሚል ቢመጣ አትደንግጡ። ኪሪንጉ፣ ማለትም የተቀመጡ ፓስዎርዶች ማኖሪያው፣ አሁንም በአሮጌው ፓስዎርድ ተቆልፏል። አሮጌውን ካወቃችሁት ስጡትና ቀይሩት። ካላወቃችሁ በሆም ውስጥ «.ሎካል/ሼር/ኪሪንግስ» ካለው ፎልደር «ሎጊን.ኪሪንግ» የሚለውን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ አንሱት። አታጥፉት። የተቀመጡት የዋይፋይና የብሮውዘር ፓስዎርዶች እዚያ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፤ አሮጌው ፓስዎርድ ትዝ ያላችሁ ቀን መልሳችሁ ትከፍቱታላችሁ።