ጭሱ ዘግይቶ የሚመጣ ውስኪ፦ አርድሞርን እንዴት እንቅመሰው?

ጭስ ያለው ውስኪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የስኮትላንዷን የአይላ ደሴት ልጆች ነው፤ ላፍሮይግን፣ አርድቤግን። እነሱ ምንም ዘዴ አይጠይቁም። ጠርሙሱ እንደተከፈተ ጭሱ ራሱ መጥቶ ያገኛችኋል። ከስኮትላንድ ዋና ምድር፣ ከሃይላንድስ የሚመጣው በትንሹ የተጨሰ ሲንግል ሞልት (በአንድ ፋብሪካ፣ ከገብስ ብቅል ብቻ የተሠራ ውስኪ) ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በአንድ ትንፋሽ ለጨለጠው ሰው «ጭሱ የታለ?» ያሰኛል፤ ታግሶ ለያዘው ግን ከማሩና ከፍሬው ስር ቀስ እያለ ብቅ ይላል። ለእኔ ከከባዶቹ ይልቅ ደስ የሚለው ይሄ ነው፣ ስለዚህ አርድሞርን ይዤ አቀማመሱን ላሳያችሁ።

አርድሞር አበርዲንሽር ውስጥ፣ ኬኔትሞንት የምትባል መንደር አጠገብ ያለ ፋብሪካ ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው አዳም ቲቸር ነው፤ የፈለገውም ቲቸርስ ለሚባለው የቤተሰቡ ቅልቅል ውስኪ የሚሆን ሞልት ነበር። ጭሱ የሚመጣው ከፒት ነው። ፒት ረግረጋማ መሬት ውስጥ ለሺህ ዓመታት የተከማቸ፣ በቅጡ ሳይበሰብስ የቀረ የዕፅዋት ቅሪት ነው፤ እንደ ጡብ እየተቆረጠ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይነዳል። የገብሱ ብቅል በዚህ እሳት ሲደርቅ ጭሱን ይጠጣል። ባቡር የድንጋይ ከሰል ይዞ እስኪመጣ ድረስ በሃይላንድስ ይሄ የተለመደ ማገዶ ነበር። በኋላ አብዛኛው ፋብሪካ ተወው፣ አርድሞር ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

የብቅሉ ጭስ የሚለካው በፌኖል፣ ማለትም የጭሱን ሽታና ጣዕም በሚሰጡት ውህዶች መጠን ነው። የአርድሞር ከ12 እስከ 14 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) አካባቢ ሲሆን የአርድቤግ ከ50 ያልፋል። ቁጥሩን ግን ብዙ አትመኑት፤ የተለካው ብቅሉ እንጂ ጠርሙሱ አይደለም። ሲጠነሰስ፣ ሲነጠር፣ በርሜል ውስጥ ዓመታት ሲከርም ብዙው ይጠፋል። ደግሞም ጭስ ሁሉ አንድ አይደለም። የአይላው ባሕር ባሕር፣ መድኃኒት መድኃኒት ይላል፤ የዋናው ምድር ፒት ግን ቁጥቋጦና እንጨት ስላለበት ጭሱ ደረቅ ያለና ለስለስ ያለ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ቤቱን አስቡበት። ዕጣን የተጨሰበት፣ ቡና የተቆላበት ወይም ሽንኩርት የተቁላላበት ክፍል ውስጥ ይሄን ውስኪ መቅመስ ከንቱ ድካም ነው፤ አፍንጫችሁ በሌላ ጭስ ተይዟል። ቡናው ካለቀ በኋላ መስኮት ከፍታችሁ ቆዩ፣ ወይም ቀኑን ለዩት። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከበላችሁም አንድ ሁለት ሰዓት ይለፍ። ሽቶም አትቀቡ፣ በተለይ እጃችሁ ላይ፣ ምክንያቱም ብርጭቆውን ወደ አፍንጫ የሚያመጣው እሱ ነው።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን። ግሌንኬርን የሚባለው ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ከሌለ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይበቃል። አፉ የሰፋው የውስኪ ብርጭቆ ሽታውን ይበትነዋል። ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ቅዱ፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ከዚያ አስቀምጡት። አሥር ደቂቃ። በዚህ መሃል የአልኮሉ ስለት ይበርዳል።

ስታሸቱ አፍንጫችሁን ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ፣ በረጅሙም አትሳቡ። ከአገጫችሁ አካባቢ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አቅርቡት፣ አፋችሁንም ትንሽ ክፈት አድርጉ። ይቺ ትንሽ ነገር ብዙ ለውጥ ታመጣለች፤ አፍ ሲዘጋ አልኮሉ አፍንጫን ያቃጥላል፣ ሲከፈት ግን መዓዛው ይለያል። በሌጋሲው፣ ማለትም 40 በመቶ አልኮል ባለው አርድሞር፣ መጀመሪያ የሚመጣው ቫኒላና ማር ነው፣ ቀጥሎ ፖም መሰል ፍሬ። ጭሱን አታሳድዱት። ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ንጹህ አየር ሳቡ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ዞር በሉ። ሦስተኛው ላይ አካባቢ ይመጣል፦ ለጠላ በወይራ የታጠነ ጋን እሳቱ ከወጣና ከቀዘቀዘ በኋላ ውስጡ የሚቀረውን ሽታ የምታውቁ ከሆነ፣ እሱን ፈልጉ። የሚነድ እንጨት ሳይሆን የቀረ ጭስ ነው።

የመጀመሪያዋ ጉንጭ ለምላስ ማለማመጃ ናት፣ አትፍረዱባት። ሁለተኛዋን ፉት በሉና ሳትውጡ ምላሳችሁ ላይ፣ ከምላስ ስር፣ በድድ ዙሪያ አዙሯት። ጣፋጩ መጀመሪያ ይመጣል፣ ከመሃል ቀረፋ ነገር ያለው ሙቀት ይነሳል። ከዋጣችሁ በኋላ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫ ተንፍሱ። ጭሱ በብዛት የሚገኘው እዚህ ነው፣ ከተዋጠ በኋላ፣ ጉሮሮና ላንቃ መሃል። ወዲያው ሌላ ጉንጭ የሚደግም ሰው ይሄን ያጣዋል።

ከዚያ ውሃ። ጥቂት ጠብታ፣ በሻይ ማንኪያ ወይም በስትሮ ጫፍ። ውሃው ጋዝ የሌለውና ጣዕም የሌለው ይሁን፤ አምቦ ውሃ ለብቻው ድንቅ ነው፣ እዚህ ግን ጋዙም ማዕድኑም ውስኪውን ይጫነዋል። ውሃ ማድረግ ውስኪን ማበላሸት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፣ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. ስዊድን ያለው የሊኒየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት፣ ለጭስ ጣዕም ድርሻ ያለው ጉዋያኮል የሚባለው ሞለኪውል አልኮሉ ሲቀጥን ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል፤ አልኮሉ ሲበዛ ግን በአልኮል ተከቦ ወደ ውስጥ ይቀበራል። ሌጋሲው ቀድሞውንም 40 በመቶ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጠብታ ይበቃዋል። 46 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ጠርሙስ ካገኛችሁ እጃችሁን ዘርጋ አድርጉ። በየጠብታው አሽትቱ፣ ያለፈውም አይመለስምና አትቸኩሉ።

በረዶ? ለመዝናናት ከሆነ የራሳችሁ ምርጫ ነው። ለመቅመስ ግን አይሆንም፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ያስረዋል፣ ቀድሞ የሚጠፋውም ይሄው ስሱ ጭስ ነው። ኮካማ ጭራሽ አታንሱት።

ልዩነቱን በደንብ ለመያዝ ከፈለጋችሁ ጎን ለጎን ቅመሱ። ግሌንሞራንጂ ኦሪጅናል ሃይላንድ ነው፣ ጭስ ግን አይታይበትም። መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ አርድሞርን፣ አቅም ካለ በመሃል የ14 ዓመቱን ኦባን። ኦባን በ1794 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ባሕር ዳር ያለ ትንሽ ፋብሪካ ነው፤ ውስኪው የሚነጠርባቸው ጋኖች ሁለት ብቻ ናቸው። ጭሱ ከአርድሞርም ይቀላል፣ ጨው ጨው የሚል ነገርም አለው። የአይላ ውስኪ በዚያ ምሽት አትክፈቱ፣ ከከፈታችሁም መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ከሱ በኋላ ምላስ ቀላል ጭስ አይሰማም።

የጨረሳችሁበትን ብርጭቆ ቶሎ አትጠቡት። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይደር። ጠዋት ስታሸቱት አልኮሉ በንኖ ብቅሉና ጭሱ ብቻ ይቀራሉ፣ ማታ ጭሱን ያላገኘ ሰውም እዚህ ያገኘዋል።

ጠርሙሱን አቁማችሁ አስቀምጡ እንጂ እንደ ወይን አታጋድሙት፣ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከፀሐይም አርቁት። ከግማሽ በታች ሲወርድ ደግሞ ዓመት አታቆዩት፤ ጠርሙሱ ውስጥ አየር ሲበዛ ጭሱ እየሳሳ ይሄዳል። ያኔ ወዳጅ ጠርታችሁ ጨርሱት፣ ወይም ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት።